ሲከለከል ይወደዳል

የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶብን በኖርንበት ከተማ የኢንተርኔት ቁማር አክሲዮን የሚሸጥ ሰው ከአዲስ አበባ መጣልን። ይህን ስናገር ቀልድ የሚመስለው ይኖራል። እንጅባራ ላይ ግን ማንም አልሳቀም። የሆቴሉ አዳራሽ ሞልቶ ግማሹ ሰው ቆሞ ነበር የሚያዳምጠው።

እኔ የምሠራው የንግድ ፈቃድ በሚሰጥበትና በሚታደስበት ቢሮ ነው። ባልደረቦቼ ናቸው ጎትተው የወሰዱኝ። ሻጩ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የእንጅባራ ብርድ አልቻል ብሎት ከላይ የሆቴሉን ጋቢ ደርቦ፣ ስለ "ቁጥጥር ስጋት" አወራልን። መንግሥት ግብር የሚያገኝበትን ነገር አይዘጋም አለ። አንድ ሰው ተነሥቶ "የቤቲንግ ቤቶቹ ታሽገው አልነበረም ወይ?" ብሎ ሲጠይቀው እንደ ሕፃን አየው። "የሚታሸገው በር ያለው ቤት ነው፤ የእኛ ኦንላይን ነው። በር የሌለውን ነገር በምን ያሽጉታል?" አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። የሁሉም ስልክ ዳታ አጥቶ ኪስ ውስጥ ተጋድሟል፤ "ታዲያ የእኛው ዳታ በየት በኩል ተዘጋ?" ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። እኔም ከሚያጨበጭብ ሰው ጋር መከራከር ስለማልወድ ወጥቼ ሄድኩ።

በማግስቱ ባልደረቦቼ ቢሮ ውስጥ ስጋቱን "መዘኑት"። አንደኛው ወጣቱ ቁማር ስለማይተው ሕጉም አይችለውም አለ። ሌላዋ ኩባንያው ቀለም ያለው ጥሩ መጽሔት እንዳለው አነሣች። ምዘናው በዚህ አበቃና ገዙ። ሲያድሱ የሚውሉት ሰዎች ፈቃድ ምን እንደሆነ አለማወቃቸው እስከ ዛሬ ያስጠላኛል። ፈቃድ ማለት የሚነጠቅ ነገር ማለት ነው፤ ባይነጠቅማ ማን ሊያድስ ይመጣ ነበር። ዓርብ ከሰዓት አንድ ደብዳቤ ይገባል፣ ሰኞ ጧት አንድ ሙሉ የንግድ ዘርፍ አይኖርም። ይህንን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

የእነሱን ገንዘብ ውሻ ይብላው። የቆረቆረኝ የታላቅ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ እኔን አሳድጎ ያስተማረ ገበሬ ነው፤ ወደ ጥሊሊ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ይኖራል። እንደ አካባቢው ሰው ሁሉ እርሻውን ዲከረንስ ተክሎበታል፤ ለከሰል የምናበቅለው ዛፍ ነው። የዚያ ዛፍ ገንዘብ የልጁ ነበር። ልጅቱ ነርስነት ልትማር የግል ኮሌጅ ለመመዝገብ ዛፉ እስኪደርስ ትጠብቅ ነበር።

በገበያ ቀን ቢሮዬ መጣና ወንበር ሳይዝ ጠየቀኝ።

"አንቺ የፈቃድ ሰው ነሽ። ይኸን አክሲዮን የሚሸጡለትን ቁማር መንግሥት ይዘጋዋል?"

"ይዘጋዋል ጋሼ። ዛሬ ባይሆን ነገ ይዘጋዋል። እንዳይነኩት።"

ፊቱ በራ። "እንዲያ ከሆነስ እገዛለሁ" አለ።

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። "ከሰል ስንት ጊዜ ተከለከለ? ኬላው ሲዘጋ ሞኙ ይንቀጠቀጥና በርካሽ ይጥለዋል። እኛ ከቤት አስገብተን ዝም እንላለን። ኬላው ሲከፈት አይሱዙው ደጅ ድረስ መጥቶ በእጥፍ ይጭነዋል። የተከለከለ ነገር ይወደዳል እንጂ ይረክሳል እንዴ?"

"ጋሼ፣ ከሰል ቢከለከልም ከሰል ነው፤ ገዢ ቢያጡ ያነዱታል። አክሲዮን ፈቃዱ ከተነጠቀ ምኑ ይነዳል?"

"አንቺ ደመወዝ ነው የምታውቂ፤ ንግድ አታውቂም" ብሎኝ ወጣ።

እንደዚያ ያለ ትምክህት ያየሁት የተማሩ ሰዎች ላይ ብቻ ነበር። ዛፉን ሳይደርስ ቆረጠው። ከጣት የማይወፍር ግንድ አክስሎ፣ ዱቄት የሆነ ከሰል በማዳበሪያ ሞልቶ ሸጠና አክሲዮን ገዛበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ የሚለቅመውም አላስቀረም። ሰርተፍኬቱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ እርጥበት እንዳይነካው፣ ከሰል ከሚያስቀምጥበት ጥግ ከፍ አድርጎ ሰቀለው።

ዳታው ተከፈተልን። ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤው መጣ፤ ኩባንያው ታገደ። የሻጩ ስልክ አይሠራም። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በር የለውም ሲባል ያጨበጨቡት ባልደረቦቼ ጧት ሲገቡ ፊታቸውን እያየሁ ሻይዬን ቀስ ብዬ ጠጣሁ። አንደኛው ቢሮው ለባለአክሲዮኖቹ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ።

ወንድሜ ግን ዝናብ እንደመጣለት ሰው ተፍለቅልቆ መጣ። "ተዘጋ አይደል? አሁን ነው መጠበቅ" አለኝ። በእሱ ላይ ልስቅ ፈልጌ አልመጣልኝ አለ፤ የልጅቱ ምዝገባ ደርሶ ነበር።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አሁን ወንበር ያዘ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"ምዝገባው ደረሰ። አክሲዮኑን ለባዳ መሸጥ አልሻም፤ ሲወደድ ይቆጨኛል። አንቺ በገዛሁበት ውሰጂው። ትርፉም ከቤት አይወጣ።"

"ወረቀቱ ይቅር ጋሼ። ልጅቱን እኔ አስመዘግባታለሁ።"

ፊቱ ጠቆረ። "ለልመና አይደለም የመጣሁ። ዕቃ ይዤ ነው የመጣሁ።"

ተነሥቶ ሊሄድ ነው። እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ልጅቱም እንደምትቀር አውቃለሁ። ለዚያ የማይረባ ወረቀት ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ገዛሁት። ያውም ያለ ውል አይሆንም ብሎ፣ ቅዳሜ ሰፈሩ ወስዶኝ፣ ሦስት ጎረቤቶቹን ምስክር አስቀምጦ አስፈረመኝ። ስፈርም ያዘነው ለእኔ ሳይሆን ለወረቀቱ ነበር፤ ሰርተፍኬቱን ሲሰጠኝ እጁ ቶሎ አለቀቀውም። ልጅቱ ተመዘገበች። እኔም፣ ቁማርተኛን ከነጥላው የምጠላው ሴት፣ የታገደ ቁማር ቤት ባለአክሲዮን ሆንኩ።

ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወንድሜን ልጠይቅ ስሄድ ከእሱ አጠገብ ያለው ማሳ ተመንጥሮ አገኘሁት። ያልደረሰ ዲከረንስ ነው፣ ከወንድሜ ዛፍም የቀጠነ። ባለማሳው ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ ነበር፤ ሚስቱ አፈር ታቀብለዋለች፣ እሱ የሚጨሰውን የከሰል ክምር ይደፍናል። ለምን ሳይደርስ እንደቆረጠው ጠየቅሁት።

በአክብሮት ቀና አለ። "ዳንግላ ከተማ ያንኑ አክሲዮን የሚሸጥ ሰው አገኘሁ፤ ልገዛው ነው። እርስዎ የፈቃዱ ቤት ሰው ነዎት፤ ሊከፈት መሆኑን ሳያውቁ በሙሉ ዋጋ ይገዛሉ? ወንድምዎም እህቴ ቀደመችኝ እያለ ሲቆጭ ነው የሚውል።"

ደሜ ፈላ። እዚያው አፈሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፦ ወረቀቱ ምንም እንደማይረባ፣ ቢሮዬ ስለ መከፈት የሰማው ነገር እንደሌለ፣ የገዛሁት ለልጅቱ ምዝገባ ብቻ እንደሆነ፣ የቀረውን ዛፍ እንዳይነካው። ራሱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። አመሰገነኝም። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ እኔ የማልሰማ ይመስል በአገውኛ፣ "ገዢማ ዕቃውን ያጣጥላል" አላትና መጥረቢያውን አነሣ።