የእማ ገለቴ አፍንጫ

በብልባላ አካባቢ አዲስ ገብስ ከአውድማ ሲገባ፣ ማንም ከመቅመሱ በፊት አንድ እፍኝ ዱቄት ወደ እማ ገለቴ ይላክ ነበር። እሳቸውም ዱቄቱን በውሃ ለወስ አድርገው ያሸቱታል፤ ቀጥለው ምላሳቸው ላይ ያኖሩትና ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ፤ ከዚያ ይተፉታል። «ይበላ» ካሉ ይበላል። «ለከብት» ካሉ ደግሞ ችጋሩ ምን ቢጠና የሚነካው የለም። የሻገተውንና ጉድጓድ ውስጥ እርጥበት ያገኘውን በጠረኑ ያውቁታል ይባል ነበር። ሙያው ከእናታቸው የወረሱት ነው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ግን ያ እምነት ተናጋ። እሳቸው «ይበላ» ያሉትን ገብስ የበሉ ሰዎች እግራቸውን እንደ እሳት ያቃጥላቸው ጀመር። ቀጥሎ ደነዘዘ። በመጨረሻም የአንዳንዱ ጣት እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ደርቆ ወደቀ። ጎረቤታቸው ከፋለ ሁለት የእግር ጣቶቹን አጣ። የእማ ገለቴ ምራት ብርቅዬም የአምስት ወር ፅንስ አስወረዳት። ሰዉ ቡዳ ነው፣ የእግዜር ቁጣ ነው ሲል፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አዝመራው ሌላ ቃል አመጣ፤ «አሻጥር» አለ። በዚያ ዓመት ይህ ቃል ከስሙ ጋር የተጠራበት ሰው ተመልሶ ቤቱ ሲገባ አላየንም።

እማ ገለቴ ደግሞ ለሰው ያልነገሩት ነገር ነበራቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ተስቦ አሟቸው ከተነሡ ወዲህ ምንም አይሸታቸውም። ወጥ ሲያር የሚነግራቸው ጭሱ ነው። «ምላሴ አለ፤ እሱ ይበቃል» ብለው መቅመሳቸውን ቀጥለው ነበር።

በሰባ አንድ ኅዳር፣ አቶ ተክለ ሚካኤል የሚባሉ ተመራማሪ ከአዲስ አበባ ላሊበላ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ መጡ። ሰው የተበላሸ እህል በማሽተትና በመቅመስ ይለይ እንደሆነ ሊመረምሩ ነው። የአገሩ አስተማሪ ስለሆንሁ መልሱን እንድጽፍ ተመደብሁ። እኛ በተማርንበት መጽሐፍ ምላስ እንደ አገር ካርታ ተከፋፍሎ፣ ጫፉ ለጣፋጭ፣ ሥሩ ለመራራ ተሰጥቶ ነበር። ይህን ብነግራቸው ፈገግ ብለው፣ «ያ ሥዕል ያምራል፣ መምህር፤ ምላስ ግን ድንበር አያውቅም» አሉኝ።

ሰዉ እየተጠራ ትናንሽ ጠርሙሶች ያሸት ጀመር። እማ ገለቴ ከእሳቸው በፊት የሚያሸቱትን ሰዎች ገጽታ በዓይናቸው ሲያጠኑ አየሁ። ተመራማሪው ግን ማንም ማንንም እንዳያይ ብለው ጋቢ ጋረዱ። እማ ገለቴ ከጋቢው ኋላ ተቀመጡ።

«ይህስ ምንድን ነው፣ እናቴ?»

«ጤና አዳም።»

ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ንጹሕ ውሃ ነው። እርሳሴ ቆመ። አቶ ተክለ ሚካኤል ግን በዝግታ፣ «ይጻፉት፣ መምህር» አሉና አፍንጫ የሚያቃጥል አሞንያ አቀረቡላቸው። እማ ገለቴ ፊታቸውን አዞሩ፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ።

«ይኸንንስ አሸተትሁት» አሉ እፎይ ብለው።

«እናቴ፣ ይህ የሚቆነጥጠው ሽታ አይደለም፤ ሕመም ነው። በሌላ የስሜት ጅማት ነው የሚመጣው።»

ከዚያ ስኳር፣ ጨው፣ ሎሚና ኮሶ አቀመሷቸው። ሁሉንም ለዩ።

«ምላስዎ ደኅና ነው» አሉ ተመራማሪው። «ግን ጣዕም ከምንለው ውስጥ አብዛኛው በአፍንጫ በኩል የሚመጣ ነው። እሱ ጠፍቶብዎታል።»

እማ ገለቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለሊቀ መንበሩ ይነግሩታል?» አሉ።

«እኔ ስም አልይዝም። እርስዎ ሠላሳ አራተኛ ነዎት፤ በቃ።» ከኪሳቸው የአይጥ ኩስ የመሰለች ጥቁር ፍሬ አውጥተው በእማ ገለቴ መዳፍ ላይ አኖሩ። «ገብሱ ውስጥ ከሚበቅለው አረም፣ ከሲናሩ፣ ጋር ተቀላቅላ ሰዉን የጎዳችው ይህች ናት። ዱቄት ከሆነች በኋላ አፍንጫው ደኅና የሆነውም ሰው ይስታታል፤ ስንቱ ሲሳሳት አይቻለሁ። ሳትፈጭ ግን ዓይን ይለያታል። ሌላ ቀማሽ ስለሌለ ነገም የዘንድሮው ገብስ ወደ እርስዎ ይመጣል አሉኝ። የሚሉትን እርስዎ ያውቃሉ።»

በማግሥቱ አውድማው ዳር ተሰበሰብን። ብርቅዬ ዳግመኛ ፀንሳ ሰባት ወሯ ነበር። ዱቄቱ በቅል ቀረበ። አዝመራው ሽጉጡን ታጥቆ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ቆሟል።

«በሉ እንጂ እማ ገለቴ፣ ሰፊው ሕዝብ ይራብ እንዴ?»

«ደኅና አድርገው ይቅመሱልን» አለ ከፋለ፤ «እኔ የቀሩኝ ስምንት ናቸው።»

ጥቂት ሰው ሳቀ። እማ ገለቴ የለወሱትን ወደ አፍንጫቸው አነሡ። እጃቸው እዚያው ቆመ። የብርቅዬን ሆድ አዩ፤ የአዝመራውን ደብተር አዩ። ከዚያ ቅሉን መሬት አስቀመጡት።

«አይሸተኝም» አሉ። «ከተስቦው ወዲህ አይሸተኝም።»

አዝመራው ደብተሩን ገለጠ። «አምናስ?»

«አምናም።»

«እያወቁ ነው ይበላ ያሉት?»

«እያወቅሁ። ምላሴ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ኋላ ሰው ሲታመም ደግሞ ፈራሁ።»

ከፋለ በበትሩ ተደግፎ እያነከሰ ወደ ፊት ወጣ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔም አምና ዱቄቱን አሽትቼዋለሁ። አፍንጫዬን ይዩት፤ የማረሻ እርፍ ነው የሚያህለው። ምንም አልሸተተኝም። ከጻፉ እኔንም ይጻፉኝ።»

አዝመራው ከፋለን አየው፤ እግሩንም አየ። አንድ ነገር ጽፎ ደብተሩን ዘጋ። ምን እንደ ጻፈ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እማ ገለቴ ነጠላቸውን መሬት ላይ ዘርግተው ያልተፈጨ ገብስ አፈሰሱበትና ጥቁሩን ፍሬ እየለቀሙ ማውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ብርቅዬ አጠገባቸው ተቀመጠች። ኋላ ሌሎቹ ሴቶች መጡ። ከዚያ ዓመት ወዲህ በእኛ አገር በነጭ ጨርቅ ላይ ሳይለቀም ወደ ወፍጮ የሚሄድ ገብስ የለም።

እሳቸው ግን ያን በጋ ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ይሉ ነበር። የመጣባቸው የለም። ብርቅዬ በጥር መጨረሻ ወንድ ልጅ ወለደች። እንኳን ማርያም ማረችሽ ልል ሄጄ ሳለሁ፣ እማ ገለቴ የሕፃኑን እግር ከጨርቁ አውጥተው ጣቶቹን አንድ ባንድ ጫን እያደረጉ፣ ሙቀት እንዳላቸው ይመረምሩ ነበር። ትንሿ ጣት ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመሩ።