ትልቁ ውሃ በወረደ ቀን

የእህቴ ልጅ ሐያት ጅዳ ልትሄድ ወረቀቷን ጨርሳለች። ሰሞኑን ከዙሁር በኋላ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ እየመጣች ዐረብኛ አስተምሪኝ ትለኛለች። በረንዳዬ ላይ ስንቀመጥ የሐይቁ ጫፍ ይታየናል። ክረምት ነውና ውሃው ደፍርሷል፤ ዳር ዳሩ ያለው በቆሎ የሰው ቁመት ደርሷል።

በመጀመሪያው ቀን፣ "አክስቴ፣ ከየትኛው ቃል እንጀምር?" ስትለኝ አፌ ላይ የመጣልኝ "ጂቢ" ነበር፤ "አምጪ" ማለት ነው። ቀጥሎ "ነድፊ" መጣ፤ "አጽጂ"። ሦስተኛው "ያላ" ሆነ፤ "ቶሎ በይ"። ሐያት ሦስቱንም ጽፋ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ግን ሐሳቤ አምባሰል ቁልቁለቱ ላይ ደርሶ ነበር።

ለውጥ መጣ የተባለ ጊዜ ነው። ቤይሩት ሰው ቤት አራት ዓመት ሠርቼ ከተመለስሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሁሉም ስለ ነገ ያወራል። ሥራ የፈቱ ልጆች ተሰባስበው አስጎብኚ ሆነዋል፤ ግድግዳ የሚቀባው፣ አዲስ ታፔላ የሚሰቅለው ብዙ ነው። እኔ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠበስበት ቤት እሠራ ነበር። አንድ ጠዋት የቤቱ ባለቤት ጠራኝ።

"ዘይነባ፣ እናትና ልጅ እንግዶች መጥተዋል። ጫካውንና ወንዙን ማየት ይፈልጋሉ። እናትየዋ ከዐረብኛ ሌላ አይሆንላትም፤ መንገድ የሚመራቸው ጋሼ ይመር ደግሞ ካማርኛ ሌላ አያውቅ። አብረሽ ውረጂ" አለኝ።

ሴትዮዋ አፏን ስትከፍት የቤይሩት ሰው መሆኗን ለየሁ። አነጋገሯ የዚያ የሠራሁበት ቤት አነጋገር ነው። ማዳም ናዲያ ትባላለች፤ ከስድሳ ያለፈች፣ ነጭ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ። ልጇ ከሪም ወፍ ካየ ሌላ ነገር የማይታየው፣ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ረጅም ጎልማሳ ነው።

ጋሼ ይመር ከውጫሌ ወዲያ ባለው መንገድ ዳር ዱላውን ተደግፎ ጠበቀን። የአምባሰል ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ገደሉ ሥር ባለው ጫካ ቀፎ ሲሰቅል የኖረ በመሆኑ የዚያን አገር ዛፍ አንድ በአንድ ያውቀዋል። ወንዙን የአካባቢው ሰው "ትልቁ ውሃ" ነው የሚለው። በበጋ ስታዩት ግን በአንድ ዝላይ ትሻገሩታላችሁ።

ቁልቁለቱ በቁልቋል የታጠረ ነው። ጋሼ ይመር በለስ እየቆረጠ፣ እሾሁን በቅጠል እያራገፈ፣ በቢላዋው ልጦ አቀበለን። ማዳም ናዲያ እያከታተለች በላችና፣ "እኛም አገር አለ እኮ" አለች። አውቃለሁ። ቤይሩት ሳለሁ በረዶ ላይ ደርድሬ ለእንግዳ አቀርበው ነበር፤ ቀምሼው ግን አላውቅም። ይህን ልነግራት አሰብሁና ተውሁት።

ለነገሩ ቃሉም የለኝም። ያን ቀን ነው የገባኝ። አራት ዓመት ሙሉ ዐረብኛ የተማርሁት ትእዛዝ በመቀበል ነው። ስለዚህ እኔም በተራዬ የማውቀው ማዘዝ ብቻ ሆነ። "ነይ። ቁሚ። እግርሽን አንሺ። በዚያ አይደለም።" ማዳም ናዲያ ከኋላዬ እየሳቀች፣ "እንደ ወታደር አዛዥ ነሽ" አለችኝ። ልጇም ሳቀ። እኔ አፈርሁ፤ ከዚያ በኋላ በእጄ ማሳየት ጀመርሁ።

ማሽላው አልቆ ጫካው ሲጀምር አየሩ ተለወጠ። ዋንዛና ሾላው ከላይ ገጥሞ ፀሐይ በጭላንጭል ብቻ ትገባለች። የረጠበ ቅጠል ሽታ አለ። ወንዙ ዳር ዶቅማው ሥሩን ድንጋይ ላይ ዘርግቷል። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ ቁልቁል ያዩናል። ማዳም ናዲያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። እዚያው አገር ተወልጄ አድጌ እኔም ያን ቦታ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ከሪም ወንዙ መሐል ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ወፍ ፎቶ ሊያነሣ ተቀመጠ። እናቱ ሱሪዋን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገባች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጋሼ ይመር ዳር ላይ ቁጢጥ ብሎ ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ በመዳፉ ውሃ ዘገነ፤ ፊቱን ሳይነካ ግን እጁን አቆመ። ውሃውን አሸተተው።

"አፈር አፈር ይላል" አለ ቀስ ብሎ። ቀጥሎ ወደ ላይኛው ተፋሰስ አየ። ጭራሮና የደረቀ ቅጠል እየተንሳፈፈ ይመጣል። "ዘይነባ፣ ላይ ደጋው ላይ ዘንቧል። ውጡ በያቸው። አሁን።"

አፌን ከፈትሁ። እዚህ ፀሐይ ቢሆንም ላይ ዘንቧል፣ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ነው የሚለውን በምን ቃል ልበለው? "ውሃ" አልሁ። ማዳም ናዲያ ውሃ የጠማኝ መስሏት ኮዳዋን አሳየችኝ። ከሪም ዞርም አላለ። ያን ጊዜ ያ የቤይሩቷ እመቤቴ ድምፅ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ከጉሮሮዬ ወጣ፤ ደረቅ፣ ስለታም፣ ለምን የማያሰኝ። "ያላ! ያላ፣ ያላ!"

ከሪም እንደ ሕፃን ደንግጦ ዘለለ፤ ዳር ደረሰ። እናቱ ግን ስትጣደፍ አዳለጣትና ተቀመጠች፤ እግሯ ከሁለት ድንጋይ መሐል ተቀረቀረ። ጋሼ ይመር ፎጣውን ከትከሻው አወረደና አንዱን ጫፍ እኔ እጅ ላይ ጣለው። "የዶቅማው ሥር ላይ ጠምጥሚና ያዢ" ብሎኝ ሌላውን ጫፍ እንደያዘ ገባ። ጎንበስ ብሎ እግሯን አላቀቀ፤ ወደ ልጇ ገፋት። ከሪም ብብቷን ይዞ ጎተታት።

ድምፁ ያኔ ነው የመጣው። ከባድ መኪና በኮረኮንች ሲወርድ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። ውሃው ቀይ ሆኖ ጋሼ ይመርን ደረቱ ላይ ደረሰበት፤ አንድ ግንድ ጉልበቱን መታው። ፎጣውን እኔና ከሪም ሆነን ሳብን። ጋሼ ይመር ዳር ላይ ተዘርግቶ ሲተነፍስ፣ ቅድም ከሪም የተቀመጠባት ድንጋይ አትታይም ነበር።

ማዳም ናዲያን ሻርፔን አልብሼያት ሾላው ሥር ተቀመጥን። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

"ይህን ዐረብኛ የት ተማርሽው?" አለችኝ።

"ቤይሩት። ሰው ቤት።"

ሻርፑን ወደ አንገቷ ሳበች። "የእኔም ቤት አንድ ልጅ ነበረች፤ ከናንተ አገር። ሰባት ዓመት። ሊሊ ነበር የምንላት።"

"ስሟ ማን ነበር?"

"ሊሊ" አለች፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "አላውቅም" አለች። ትንሽ ቆይታም፣ "ክፉ አልሠራሁባትም፣ ወላሂ" አለችኝ።

አመንኋት። የእኔይቱም እመቤት ብትጠየቅ እንዲሁ ብላ ትምላለች፤ እሷም የምትዋሽ አይመስለኝም። "እኔን ሶፊ ይሉኝ ነበር" አልኋት።

የመጣንበት መንገድ ውሃ ስለገባበት ጋሼ ይመር በቀፎዎቹ በኩል ዙሪያ አወጣን። ጉልበቱ እያበጠ፣ በዱላው እያነከሰ፣ በየጥቂቱ እየዞረ ሴትዮዋን ያያታል። ቤቱ ስንደርስ ሚስቱ እትዬ ጦይባ ወተትና የተጠበሰ የበቆሎ እሸት አቀረበችልን። ማዳም ናዲያ እንዴት ብላ እንደምታመሰግን ጠየቀችኝና ነገርኋት። እየተንተባተበች፣ "አላህ ይስጥልኝ" አለችው። ጋሼ ይመር ጉልበቱን በቅቤ እያሸ፣ "አብሽሪ፤ ዋናው መትረፍሽ ነው" አላት። ያን መተርጎም አላስፈለገኝም፤ ገብቷታል።

ከዚያ በኋላ ብዙ እንግዳ አልመጣም። ጦርነቱ እያደር ቀረበ፤ በመጨረሻ እኛው ዘንድ ደረሰ። እናቴን ይዤ ደሴን አልፌ በእግር ወጣሁ። ኮምቦልቻ አጠገብ ስልኬ ለጥቂት ደቂቃ ኔትወርክ ሲያገኝ የማዳም ናዲያ የድምፅ መልእክት ገባ። "ዘይነባ፣ በሕይወት አለሽ?" ይላል። ሌላም ነበር፤ አሮጌ ወረቀት ስታገላብጥ የልጅቷን ፓስፖርት ቅጂ አግኝታለች። "የሺ ነው የሚለው። በትክክል ጠራሁት?" ከወራት በኋላ ነው መልስ የሰጠኋት። በትክክል ጠርታዋለች። የሺን እስከ ዛሬ ታፈላልጋለች፤ እኔም ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ አልተገኘችም።

ጋሼ ይመር በዚያ ጦርነት ከባድ መሣሪያው ሲያጓራ የመንደሩን ሰው፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም፣ ይዞ ወደዚያ ጫካ ወርዶ ነበር። እትዬ ጦይባ እንደነገረችኝ፣ ሌላው ሰው የተኩሱን ድምፅ ሲያዳምጥ እሱ ውሃውን ያዳምጥ ነበር። ሁሉንም መልሶ አወጣ። እሱ ራሱ ከዚያ በሁለተኛው ክረምት አልጋው ላይ ታሞ ሞተ። ለሰደቃው ሄጄ ነበር፤ ቄሱም ሼሁም አንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ስለ እሱ ሲያወሩ ዋሉ።

ይህን ሁሉ ለሐያት ነገርኋት። አትሂጂ ልላት አልቻልሁም፤ ለዚህ ያደረሳትን ችግር አውቀዋለሁ፤ እኔንም ያደረሰኝ እሱ ነው። ደብተሯን ተቀብዬ አዲስ ገጽ ገለጥሁና በራሴ እጅ ጻፍሁላት፦ ስሜ ሐያት ነው። ደክሞኛል። አሞኛል። ቤተሰቤን ማነጋገር እፈልጋለሁ። እምቢ። እነዚህን ቤይሩት ሳለሁ ያስተማረኝ የለም፤ ከተመለስሁ በኋላ፣ ከማዳም ናዲያ ጋር በስልክ ስናወራ ነው አንድ በአንድ የለቀምኋቸው።

ሐያት አንገቷን ደፍታ እየደጋገመች ታነባቸዋለች። ድምፅዋ አይሰማም። ከፍ አድርጊው እላታለሁ፤ እንደገና፣ ከዚያም ከፍ አድርጊው።