ሬዚስታንስ እንቀይራለን

ላንቻ ባለችው ሱቄ የኤሌክትሪክ ምድጃ እጠግናለሁ። በሯ ላይ «ሬዚስታንስ እንቀይራለን» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ማለቴ ምድጃውን የሚያግለውን ሽቦ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ገቡና «ሬዚስታንስ የምትቀይረው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እናቴ። ይሞቃል?»

«ማታ ማታ እንደ እሳት ይግላል።»

አልሞቅ ያለ እንጂ በጣም የጋለ ምድጃ ይዞልኝ የመጣ ሰው የለም።

«ድምፅስ ያሰማል?»

«ሌሊቱን ሙሉ! አስተኝቶኝ አያውቅም።»

ግራ ገባኝ። «በሉ ያምጡትና ልየው» አልኳቸው።

ወጡና ጋቢ የለበሱ ባለቤታቸውን ደግፈው አስገቡ። «ሐኪሙ፣ ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶታል፣ ሬዚስታንስ አለው፣ ይቀየር አለን» አሉኝ።

ሽማግሌው በእጄ የያዝኩትን ካቻቢቴ አየት አደረጉና «ልጄ፣ ያማል እንዴ?» አሉኝ።