ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ባለፈው እሑድ ጥሩወርቅን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ጉልበቷን ታማ ከቤት መውጣት ካቆመች ሰንብታለች፤ ቦንጋ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት፣ የታመመ ያልጠየቀ ሰው ስሙ ይነሳል። እንጂ ወድጄ አይደለም። ሶፋው፣ ጠረጴዛው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የዲሹ ሪሲቨር ሳይቀር ራሷ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ለብሷል። የጎረቤት ሴቶች ተደርድረዋል። የልጅ ልጇ ምንጣፉ ላይ በደረቷ ተኝታ በስልክ ጌም ትጫወታለች፤ ያንን ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን እያገጣጠሙ መስመር የሚሞሉበትን። ጥሩወርቅ ልጅቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳቀች።

«አንቺ ልጅ፣ ተይው! እንደ አስካለ እንዳትሆኚ። አስካለ እኮ በዚህ ጌም የመንግሥት ኮምፒውተር ያቃጠለች ናት።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ። ይህችን ቀልድ በለቅሶ ቤትም በሠርግ ቤትም ሰምቻታለሁ፤ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። እዚህ ወረቀት ላይ ግን የሚያቋርጠኝ ስለሌለ እናገራለሁ።

ያኔ ሁለታችንም ገና ወጣቶች፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስቶች ነበርን። አንድ የክረምት መግቢያ ላይ ከጅማ በላንድክሩዘር፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ኮምፒውተር መጣልን። ኃላፊያችን አቶ ደምሴ ከሰሜን ተመድበው የመጡ፣ የቦንጋ ጭቃ ጫማቸውን በነካው ቁጥር የሰደባቸው ያህል የሚቆጡ ሰው ነበሩ። ሁለታችንን አስጠርተው ነገሩን ቁርጥ አደረጉት፤ መስከረም ላይ ትፈተናላችሁ፣ የተሻለችው የኮምፒውተር ኦፕሬተር ትሆናለች፣ ሌላዋ ታይፕራይተሯን ይዛ ሩቅ ገጠር፣ ቢታ ገነት ትዛወራለች።

እናቴ ቦንጋ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበራትም። ዓይኗ ደክሞ እሳት መለየት ካቃታት ቆይቶ ነበር። ክረምት ሲገባ የቢታ መንገድ በጭቃ እንደሚቆረጥ ደግሞ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ፈተናውን ማለፍ ነበረብኝ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

ጌሙን ያሳየን ኮምፒውተሩን ሊተክል የመጣው ቴክኒሻን ነው። «በዚህ እጃችሁን አፍታቱ፣ ፍርሃቱም ይለቃችኋል» አለን። አቶ ደምሴ እዚያው ቆመው ሰምተዋል። ጥሩወርቅ አንዴ ሞከረች፤ ቁልሉ በአፍታ እስከ ጣሪያው ሞላባትና «ይሄማ የልጅ ጨዋታ ነው» ብላ ተነሳች። በሳምንቱ ግን ዳንቴል ሠርታ መጣች። ስክሪኑንም ሳጥኑንም ከላይ እስከ ኋላ የሚያለብስ፣ ጠርዙ ላይ አበባ ያለው።

አቶ ደምሴ ዞረው ዞረው አዩት። «ይሄ ነው የሥራ ፍቅር!» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳንቴሉ እንዳይወልቅ ታዘዘ፤ አቧራ ይገባላ። መሥራት የፈለገ ከፊት በኩል እንደ መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ይሠራል።

እኔ ምሳዬን፣ ከቤት የቋጠርኳትን ቆጮ በጎመን፣ ቶሎ ጎርሼ እጄን እታጠብና ወደ ጌሙ እሄድ ነበር። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ በመስኮት ጫካው በጉም ተውጦ አይታይም። መጀመሪያ የመጣውን ቅርጽ ባገኘሁት ቦታ ስለምጥል ከሥር ክፍተት ይቀርብኝ ነበር፤ የተቀበረ ክፍተት ደግሞ ቶሎ አይደረስበትም። ቀስ በቀስ ዓይኔን ከሚወርደው ላይ አንስቼ ቀጥሎ የሚመጣውን በሚያሳየው ጥግ ላይ ማድረግ ለመድኩ። ቁልሉን ደልዳላ አድርጎ መያዝ፣ ቅርጹን ገና ከላይ ሳለ ማዞር፣ ሲፈጥን አለመደንገጥ። ከሁሉም የቆየብኝ አንዱን ዳር ባዶ መተው ነው። ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ እጁን ይበላዋል። ዳሩን ትቶ ሌላውን እየገነቡ ቀጥ ያለችውን ረጅሟን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ስትመጣ አራት መስመር በአንዴ ድራሹ ይጠፋል።

ተላላኪያችን ጋሽ ወልዴ ከኋላዬ ቆሞ ያየኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ «መጣች! ረጅሟ መጣች፣ አስካለ፣ አስገቢያት!» ይላል፤ ስትገባልኝ ከእኔ በላይ እሱ ያጨበጭባል። ጣቶቼ ሳላያቸው መሄድ ጀመሩ። ደብዳቤም ስጽፍ ማሽኑን መፍራት ተውኩ።

ጥሩወርቅ ይህን አየች። አንድ ቀን ክንዷን አጣጥፋ በሩ ላይ ቆመች።

«ሥራ ነው ወይስ ቁማር?»

«እጄን እያፍታታሁ ነው።»

«እስካሁን አልተፍታታም? ግዴለም፣ ቢታ ገነት ስትደርሺ ይፍታታልሻል።»

ነሐሴ ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ ደርሼበት የማላውቀው ደረጃ ላይ ነበርኩ። ጋሽ ወልዴ ትንፋሹን ይዟል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ስክሪኑ ተጨማደደና ነጥብ አክሎ ጠፋ፤ ከዳንቴሉ አበቦች መሃል ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጥሩወርቅ ሮጣ ገባች። መጀመሪያ ያነሳችው ዳንቴሏን ነው፤ አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ተናግሬ ነበር! ጌሙ ነው ያቃጠለው! ቀኑን ሙሉ ስታሯሩጠው!»

«በመንግሥት ንብረት ጌም?» አሉ ጩኸቷን ሰምተው የገቡት አቶ ደምሴ።

«ጋሼ፣ ቴክኒሻኑ እኮ እርስዎ ባሉበት...»

«ዝም በይ!»

ጋሽ ወልዴ «ልጅቷ ምንም አላጠፋች» ሲል «አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉት፣ በአባታቸው ዕድሜ ያለውን ሰው።

ፈተናም አልነበረም። መስከረም ሳይጋመስ ቢታ ገነት ነበርኩ፤ ሌላ ኮምፒውተር ሲመጣ ጥሩወርቅ ተቀመጠችበት። በሚቀጥለው ክረምት እናቴ ስትሞት መንገዱ ተቆርጦ ነበር። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከዓመታት በኋላ ሺሺንዳ ከተማ ላይ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ቴክኒሻኑ ነበር። ማንነቴን ስነግረው ሳቀ። «ያ ዳንቴል የለበሰው!»

«ጌም ኮምፒውተር ያቃጥላል?» አልኩት።

«ጌም? ኧረ ታፍኖ ነው የሞተው! መተንፈሻው ሁሉ በጨርቅ ተደፍኖ። በዚያው ሳምንት ከፍቼ አይቼ ያኔውኑ ለአለቃችሁ ነግሬያቸዋለሁ።»

ያኔውኑ። እኔ ገና ቦንጋ እያለሁ። ዳንቴሉን ያመሰገኑት እሳቸው ስለሆኑ ዝም አሉ። አሁን በሕይወት የሉም፤ ነፍስ ይማር የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል፣ እኔን አይጠብቁ። ጥሩወርቅም እንደምታውቅ እርግጠኛ ነበርኩ፤ እያወቀች ይቺን ቀልድ እንደምትደጋግም አስቤ ስንት ዓመት ውስጤ ሲቃጠል ኖሯል።

እሑድ ዕለት ሴቶቹ ስቀው ሳይጨርሱ ቴሌቪዥኑ ቀጥ አለ።

«ኤጭ! ደግሞ ጀመረው!» አለች ጥሩወርቅ። «ይሄ ሪሲቨር ገና አዲስ ነው፤ የፊተኛውም እንዲሁ ተቃጠለብኝ። አስኩዬ፣ አንቺ ማሽን ታውቂያለሽ፣ እስቲ እይልኝ።»

ተነስቼ መዳፌን ዳንቴሉ ላይ አሳረፍኩ። እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር ይፋጃል። የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ለካ ለእሷም ማንም አልነገራትም። እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ብታውቅ የገዛ ዕቃዋን ባላፈነች።

ይህን ማወቄ ያበርደኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሰው ሲያረጅ ይለሰልሳል ይላሉ፤ እኔ አላየሁትም። አለማወቋ የእናቴን ቀብር አልመለሰልኝም፤ ያኔም በእኔ ላይ ከመጮህ አላገዳትም። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ዳሩን ባዶ ትታ ረጅሟን ትጠብቃለች።

«ዕቃው ነው፣ ጥሩዬ» አልኩ። «የዛሬ ዕቃ እንዲህ ነው።»

ወደ ጎን የሸሸውን የዳንቴሉን ጫፍ ስቤ፣ አበባው በደንብ እንዲታይ አስተካክዬ አለበስኩትና ተቀመጥኩ።