አይጠረግ የተባለው ጥግ

ጋሽ ደምመላሽ ሺሺንዳ ላይ የሰው በቆሎ ሲፈጩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ዝምተኛ ናቸው፤ ሰው ሲያናግራቸው እንኳ ጆንያውን እያዩ ነው የሚመልሱት። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ የቀረቻቸው አንዲት ልጅ ናት፣ ወንጌላዊት፤ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምትማር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣና ከወፍጮው ጀርባ ካለች አንዲት ጥግ ላይ ትንበረከካለች። እዚያች ጥግ የዱቄቱ ብናኝ ነፋስ እየገፋው ይሰበሰባል፤ እርስ በርሱ እየተያያዘ መጀመሪያ ጤፍ ያክላል፣ ቆይቶ ሽምብራ። እሷ በማስመሪያ እየለካች ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። ምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቋት።

«አባዬ፣ አዲስ በተወለደ ኮከብ ዙሪያም እንዲህ አቧራ ከጋዝ ጋር ይዞራል» አለቻቸው። «ደቃቁ ሲነካካ ይጣበቃል፣ ያድጋል። ጠጠር ሲያክል ግን ጋዙ ወደ ኋላ ይይዘዋል፣ ፍጥነቱ ይቀንስና ብዙው ኮከቡ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ማረፊያ ጥግ ያገኘው ነው ተጠራቅሞ እንደኛ ምድር የሚሆነው።»

ሁሉም አልገባቸውም። ጥጓን እንዳይጠርጉባት ስትለምናቸው ግን እሺ አሉ። ደንበኞች ያንን አቧራ እያዩ «ኧረ ጋሼ፣ መጥረጊያ የምትይዝ ሚስት ያግቡ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። አቧራ የምጠብቀው ለልጄ ነው ብል ይስቁብኛል ብለው ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ግንቦት ላይ ወንጌላዊት ታመመች። ሦስት ቀን ተኛች፣ በአራተኛው ቀበሯት።

ወፍጮው ተዘጋ። ጋሽ ደምመላሽ ግን ጠዋት ጠዋት ከፍተው ይገቡና ጥጓን አይተው ይወጣሉ። ድብልብሎቹ እንዳሉ ናቸው፤ ትልቁ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል። ማስመሪያዋም ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ተንጠልጥላለች።

የአርባዋ ዋዜማ፣ ለእንግዳው መቀመጫ አግዳሚ ወንበር ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ይገባል ብለው ቁልፉን ለጎረቤታቸው ለእትዬ አሰለፈች ሰጥተው ቄሱን ሊያነጋግሩ ሄዱ። ሲመለሱ ወፍጮ ቤቱ ተጠርጎ፣ ውሃ ተረጭቶበት፣ ወንበሩ ተደርድሮ ጠበቃቸው። ጥጓ ባዶ ናት።

«አቧራው ቁና ሙሉ ወጣው እኮ» አሉ እትዬ አሰለፈች፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ለዶሮዎቼ በተንኩላቸው። አይቆጡኝም መቼም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። ባጥሩ ቀዳዳ ዶሮዎቹ ሲጭሩ ይታያሉ። ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጡ።

እትዬ አሰለፈች ፊታቸውን አይተው ደነገጡ። «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?»

«እርስዎ ምንም አላጠፉም» አሉ ቀስ ብለው። «የወንጌላዊት ነበር። እኔ ነኝ ያልተናገርኩት።»

እትዬ አሰለፈች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ሁለቱም ያቺን ንጹሕ ጥግ ሲያዩ መሸ።

ከአርባው በኋላ ሰው እህል ይዞ መጣ፣ ወፍጮው ተነሳ። ሰንበት ብሎ ጥጓ ላይ ጤፍ ጤፍ የሚያክል ነገር መያያዝ ጀመረ። ጋሽ ደምመላሽ ማስመሪያዋን ከምስማሩ አወረዱ፣ ተንበረከኩ። መለካት ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀመር ወንጌላዊት አላሳየቻቸውም ነበር። ማስመሪያዋን አገላብጠው አዩና መልሰው ሰቀሏት።