የቦራ ቆጠራ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በተጓዝኩ ቁጥር፣ ማንኩሳ አካባቢ ስደርስ በመስኮት አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ እፈልጋለሁ። ከዛፉ ወዲህ የአያ ስመኘው ቤት ነው። ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል፤ ናፍቀውኛል።

እሳቸው ቤት የሄድኩት ለመመረቂያ ጽሑፌ ነበር፣ ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው። ሥራዬ በሬያቸው ቦራ አጠገብ ሦስት ቀን ተቀምጬ የሚያደርገውን ሁሉ በየዓይነቱ መመዝገብ ነው። ደህና የሚኖር እንስሳ ብዙ ዓይነት ነገር ያደርጋል፤ ኑሮው የጠበበበት አንዱኑ ይደጋግማል። ቅጹ ሠላሳ መስመር ነበረው። ቦራ የሞላልኝ አራቱን ብቻ ነው፤ ይበላል፣ ያመሰኳል፣ ይተኛል፣ የታሰረበትን ግንድ ይልሳል።

ዛሬ ቢሆን አስቤ እናገር ነበር። ያኔ አፌ ይቀድመኝ ስለነበር «አያ፣ በሬዎ ወፍሯል እንጂ ደህና አይደለም» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። ፉርሽካውንም አተላውንም በእጃቸው የሚያቀርቡለት በሬ ነው።

«ምን አጎደልሁበት? ቦራ የሚያውቀውን እኔን ጠይቂኝ እንጂ» አሉና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። የዳልቻን አንገት ይልሳል። ኩይሳ ሲያገኝ ከዳልቻ ጋር እየተሻማ በቀንዱ ይወጋል። ከቀንበር ሲፈቱት ዳልቻን ተጠግቶ ይቆማል። ዳልቻ ሲዘገይበት ይጣራል። ጠዋት ዳልቻ በሚመጣበት በኩል ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል። ስድስተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ወደ ባሕር ዛፉ ሄደ።

ዳልቻ የጎረቤታቸው የአያ ባምላኩ በሬ ነው። ሁለቱም ያላቸው አንድ አንድ በሬ ስለነበር ስድስት ዓመት ተቀናጅተው አርሰዋል፤ አንድ ቀን የዚህን፣ አንድ ቀን የዚያን ማሳ። ከዚያ አያ ባምላኩ ወሰኑ ላይ ባሕር ዛፍ ተከሉ፣ ዛፉ ሲረዝም አያ ስመኘው «የጤፌን ፀሐይ ጋረድህብኝ» አሉ፣ መቀናጆው ፈረሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም። አያ ስመኘው መሬታቸውን በእኩል ለሌላ አራሽ ሰጥተው ቦራን ደጃፍ አሰሩት።

አያ ስመኘው ከተቀመጡበት ተነሥተው በትራቸውን አነሡ። ቦራን ፈትተው በዛፎቹ መሀል ነዱት፤ እኔም ወረቀቴን ይዤ ተከተልኩ። አያ ባምላኩ ደጃቸው ላይ ሞፈር ይጠርባሉ።

«ለአንተ ብዬ አይደለም የመጣሁ» አሉ አያ ስመኘው። «ለበሬው ነው።»

አያ ባምላኩ ቀና ብለው ቦራን አዩት። «ዳልቻም እንዲሁ ወዲያ ወዲያ ሲያይ ነው የከረመ» አሉና ከጋጣው አወጡት።

ቦራ አሸተተው፤ አንገቱን ላሰው፤ ያ ሁሉ ገላ እንደ ጥጃ ዘለለ። እየጻፍኩ ዕንባዬ መጣ፣ አላፍርበትም። እስከ አሥር ሰዓት አሥራ ሰባት መስመር ሞላሁ። ከኋላዬ ሽማግሌዎቹ ስለ ዛፉ ይነታረካሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ሲስቁ ሰማኋቸው።

ስሰናበት አያ ስመኘው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔንስ ቆጥረሽኝ ነበር?» አሉኝ።

«አልቆጠርኩም» አልኳቸው።

ዋሸኋቸው። ሥራ ስፈታ በወረቀቱ ጀርባ መዝግቤያቸው ነበር፤ እስካሁን አለኝ። በሦስት ቀን ሦስት መስመር ነው የሞላው። ቦራን ያበላሉ። ደጃፍ ይቀመጣሉ። የአያ ባምላኩን ቤት ያያሉ።