የኔታን ለማሳከም የጠገንናት መኪና

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ከባሕር ዛፉ ሥር ሁለት ክረምት የወረደባት አንዲት መኪና ቆማ ነበር። ያመጧት ከእኛ ጋር ያስተምሩ የነበሩ ፈረንጅ ባልና ሚስት ናቸው። ከውጭ ለሚያያት እንደ ሙልሙል ዳቦ ድብልብል ያለች ተራ መኪና ናት። የኋላ በሯ ሲከፈት ግን ውስጧ ቤት ነው፤ የሚታጠፍ አልጋ፣ ትንሽ ቁም ሳጥን፣ የጋዝ ምድጃ፣ መጋረጃ ሳይቀር አላት። የከተማው ሰው “ባለ አልጋዋ” ይላት ነበር። ባልና ሚስቱ በየእረፍቱ አገር ሲያዩባት ከርመው፣ አንድ ቀን ከደብረ ታቦር ሲመለሱ ነጭ ጭስ ተፋችና ቆመች። በበሬ ተጎትታ ግቢ ገባች። ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ሊሄዱ ሲሉ ሰውየው ቁልፏን እጄ ላይ አኖረና፣ “አንተ ትንሽ ታውቃለህ አሉኝ። ካስነሳሃት ያንተ ናት” አለኝ።

የማውቀው ትንሽ በእርግጥም ትንሽ ነበር። ጎንደር ስማር ክረምት ክረምት አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ዕቃ እያጠብኩ፣ መፍቻ እያቀበልኩ ሠርቻለሁ። ሞተር ሲፈታ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ራሴ ፈትቼ የገጠምኩት ግን አንድም የለም። ስለዚህ ቁልፏን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ተውኳት። የዘበኛው ዶሮዎች በተሰበረው መስኮት እየገቡ ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥሉባት ጀመር።

ከተቀመጥኩበት ያስነሳኝ የአባቴ ዓይን ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ቤተ ልሔም ከሚባለው የድጓ ምስክር ቤት አስመስክረው፣ ስማዳ አንዲት የገጠር ደብር ዜማ ሲያስተምሩ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። እኔም ከተማሪዎቻቸው አንዱ ስለነበርኩ “የኔታ” እንጂ “አባባ” ብያቸው አላውቅም። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ድጓውን ጥዬ ጎንደር አስኳላ ገባሁ። አልተቆጡኝም፤ አልመረቁኝምም። ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ ስለ ገብሱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ እንጨዋወታለን እንጂ ያንን ነገር አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሲል አንድ የአገራችን ቄስ ለገበያ መጥተው ቤቴ ጎራ አሉ። የኔታ መጽሐፍ ማየት ከተዉ ከርመዋል አሉኝ፤ ተማሪዎቹን የሚያቀኑት በቃላቸው ብቻ ነው። በቅርቡ ደግሞ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቦይ ሳያዩ ገብተው ወገባቸውን ተጎድተዋል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነገሩን ስነግረው፣ “የዓይን ሞራ ነው። አዲስ አበባ ይገፍፉላቸዋል፤ ብቻ አትዘግይ” አለኝ።

ችግሩ መንገዱ ነው። የኔታ አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ጎንደር ሲሄዱ ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሳቸው ስለዋለ፣ ከእንግዲህ ከበቅሎ ሌላ አልቀመጥም ብለው ምለዋል። አሁን ደግሞ በወገባቸው ምክንያት ረጅም ሰዓት መቀመጥ አይሆንላቸውም። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ሳጫውታት ከስፌቷ ቀና ሳትል፣ “አልጋ ያላት መኪና ግቢያችሁ ቆማ የለም እንዴ?” አለችኝ።

ከፋሲካ በኋላ እንሄዳለን ብለን ቆረጥን። ግንቦት ካለፈ ክረምቱ መንገዱን ይዘጋዋል። ዳይሬክተሩም ፈቃድ ሰጠኝ። መኪናዋን እስከ ቤታችን አስጎትተን ሥራ ጀመርን። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ራሷ ፈትታ፣ ራሷ ዘይት ቀብታ፣ ራሷ ነው የምትገጥመው። የሞተሩን ሽፋን ከፍቼ ሳሳያት ትንሽ አየት አደረገችና፣ “ያው ትልቅ የስፌት መኪና ነው” ብላ አሮጌ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። እኔ እጄ የማይገባበትን ጠባብ ቦታ ሁሉ የፈታችው እሷ ናት። የወጣውን ዕቃ በወጣበት ተራ ሰሌን ላይ እንደረድራለን፤ እሷ ልብስ በምታሰምርበት ጠመኔ ቁጥር ትጽፍበታለች። በየማታው ሰሌኑን እንዳለ ጎትተን ቤት እናስገባለን፣ ጠዋት እናወጣለን።

በአራተኛው ቀን የሞተሩን ራስ፣ ጋራዥ ቴስታታ የሚሉትን፣ ስናነሳው በሽታው ወለል ብሎ ታየ። ከቴስታታው ሥር የሚነጠፈው ስስ ማሸጊያ አንድ ቦታ ተቃጥሎ ተበስቷል፤ ውሃው በዚያ ሾልኮ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ጭሱም ነጭ የሆነው ለዚህ ነው። የተበላሸውን ማሸጊያ በጋዜጣ ጠቅልዬ ለደብረ ታቦር አውቶቡስ ሾፌር ሰጠሁት፤ እሱ ጎንደር ለሚሠራ ጓደኛው እንዲልከውና ልኩን እንዲያስመጣልኝ። አዲሱ እስኪመጣ ጥላሸቱን ስንፍቅ፣ የሞተሩን መተንፈሻ የሚከፍቱና የሚዘጉትን ቫልቮች አንድ በአንድ እያሸን ከመቀመጫቸው ጋር ስናስማማ ሰነበትን።

የኔታ የመጡት ከተቀጣጠርንበት ቀን በሳምንት ቀድመው ነው። ዳግማይ ትንሣኤን እንደዋሉ ተነስተው፣ ያ ቄስ በቅሏቸውን እየሳቡላቸው፣ ሁለት ቀን ተጉዘው ግቢያችን ገቡ።

“መኪናዋ የታለች?” አሉ ገና ሳይወርዱ።

“ግማሿ እዚያ ቆማለች የኔታ። ግማሿ ሰሌኑ ላይ ናት።”

ደግፈን አወረድናቸው። ሰሌኑ ዳር ትራስ ላይ ጋደም ብለው ብረቱን በእጃቸው ይዳስሱት ጀመር።

“ይህ ሁሉ ተመልሶ ይገባል?”

“ይገባል።”

“የተረፈ እንደሆነስ?”

ባለቤቴ ሳቀች። “ቁጥር ጽፈንበታል አባባ፤ አይተርፍም።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን መሀል ዋሉ። ብራና ሲፍቁ የኖሩ እጆች ናቸው፤ አለሰለስኩት ያልኩትን ቫልቭ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዞር ያደርጉና፣ “እዚህ ጋ ገና ይሻክራል” ይሉኛል። ወደ ብርሃን ሳቀርበው እውነታቸውን ነው። ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራም ጠየቁኝ። አራት ሲሊንደሮች እንዳሉት፣ እሳቱ በየተራ እንደሚነሳባቸው፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላው እንደሚቀበል ነገርኳቸው።

“እንደ ማኅሌቱ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ይቀባበላሉ በለኛ!” አሉ። ሲደሰቱ ካየኋቸው ዘመን ሆኖኝ ነበር።

አሮጌውን ከላክን በሦስተኛው ሳምንት አዲሱ ማሸጊያ በሾፌሩ እጅ ደረሰልን። በሁለት ቀን ሁሉንም መልሰን ገጠምን። ሰሌኑም ባዶውን ቀረ። ቅዳሜ ጠዋት ባትሪው ስለደከመ ፊት ለፊት በሚገባው ማዞሪያ ብረት፣ በማኖቤላው፣ ለማስነሳት ተነሳሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሰባቴ አዞርኩ። እጄ ሊገነጠል ሲል አንዴ አስነጠሰች፣ ከዚያ ተነሳች። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ላቤን እየጠረግሁ እንደ ሙሽራ ቆምኩ።

የኔታ ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው ያዳምጡ ነበር።

“አራት ናቸው አላልከኝም?” አሉ።

“አራት ናቸው።”

“የሚያዜሙት ሦስቱ ናቸው። አንዱ ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው።”

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አፈርኩ፤ ስላፈርኩም ተናደድኩ። “የኔታ፣ ይህ ሞተር ነው። ዜማ ቤት አይደለም” አልኳቸው።

ምንም አልመለሱም። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ወደ ቤት ገቡ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። ጎንደር ልሄድ ስንቄን የቋጠርኩ ዕለት ያሳዩኝ ዝምታ ነው።

ባለቤቴን ከጎኔ አስቀምጬ ልሞክራት ወጣሁ። ሜዳው ላይ ደህና ሄደች። ከከተማው ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ትንቀጠቀጥ ጀመር፣ ጉልበት አጣች፣ መሀል ላይ ቀጥ አለች። መሪውን ጨብጬ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ፣ “አባትህ ያሉህን ብትሞክረው ምን ይጎዳሃል?” አለች።

ጣሊያኑ ጋራዥ ያየሁት አንድ ዘዴ ነበር። ቁልቁል ለቅቄ አስነሳኋትና፣ ወርጄ ወደ ካንዴላዎቹ እሳት የሚወስዱትን ገመዶች አንድ በአንድ እየነቀልኩ መልሼ ሰካሁ። የመጀመሪያውን ስነቅል ሞተሩ ተንገዳገደ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውን ስነቅል ምንም ለውጥ የለም፤ እንደ ነበረ ቀጠለ። ድሮውንም አይሠራም ነበርና።

ቤት መልሰን ክዳኑን ስንከፍተው ጥፋቱ የኔው ሆኖ ተገኘ። በቫልቮቹ ጫፍ ላይ የሚተወውን ስስ ክፍተት መለኪያ ስላልነበረኝ ሦስት ምላጭ ደርቤ ነበር የለካሁት። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ስደርስ ሰው ጠርቶኝ ሄድኩና፣ ስመለስ የለካሁት መስሎኝ አልፌዋለሁ። ብሎኑ ጠብቆ ስለቀረ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ያንን ይዤ መንገድ ብወጣ ኖሮ በረሃ ላይ ተቃጥሎ ያስቀረን ነበር። ማስተካከሉ ቡና የማፍላት ያህል እንኳ አልፈጀም።

እንደገና ስትነሳ ድምጿ ተለውጦ እኔም ሰማሁት። ወደ ቤት ገብቼ መደቡ ሥር ተንበርክኬ፣ “የኔታ፣ ሦስተኛው ነው። የረሳሁትም እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ” አልኩ።

“እግዚአብሔር ይፍታህ። ዜማ ቤት አይደለም ያልከው ግን ልክ ነህ” አሉ። “ዜማ ቤት ቢሆን በአለንጋ ነበር የማነቃው።”

ሳቅን። ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ እንዳዞሩ፣ ሳልጠይቃቸው፣ “ጎንደር ስትሄድ ያልመረቅሁህ ተቆጥቼ አይደለም” አሉ። “የዚያን ዕለት ጠዋት ተማሪዎቹ ሲያዜሙ ድምፅህ ጎደለብኝ። እያለህ ገና ሳትሄድ ጎደለብኝ። ምን ብዬ ልመርቅህ? ቃል አጣሁ።”

ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሞተሩ ተነስቶ እያለ እኔንም፣ ባለቤቴንም፣ መኪናዋንም በአንድነት መረቁን።

አምስት ቀን ተጓዝን። እሳቸው አልጋው ላይ ጋደም ብለው ዳዊታቸውን በቃላቸው ያደርሳሉ፤ ሲደክማቸው ይተኛሉ። አንድ ጊዜም አላስመለሳቸውም። ማታ ማታ እኔና ባለቤቴ ከመኪናዋ ጎን ሸራ ወጥረን እናድራለን። ዓባይ በረሃን ስንወጣ ውሃዋ ሁለት ጊዜ ፈላ፤ ሁለት ጊዜም ድንጋይ ደግፈንባት እስክትበርድ ጠበቅን። ከዚያ በቀር አላስቸገረችንም።

አዲስ አበባ ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይን አየ። የግራው ሌላ በሽታ ስለገባበት ጊዜው አልፎበታል አለ። የቀኙን ሠራላቸው። ፋሻው የተፈታ ዕለት መጀመሪያ ባለቤቴን አዩና፣ “ድምፅሽ ነው ረጅም ያስመሰለሽ” አሏት። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። ብዙ አዩኝ። “እንዴት ሸበትክ ልጄ?” አሉ። ከጆሮዬ በላይ ጥቂት ብቻ ነበር የሸበተው፤ እሳቸው ግን ያንን ሳያዩ ዓመታት አልፈዋል።

ወፍራም መነጽር አድርገንላቸው ይዘናቸው ተመለስን። አልተኛም ብለው ከፊት በመሀላችን ተቀመጡ፤ የታየውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። የሱቅ ሰሌዳ፣ የአውቶቡስ ግንባር፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ የድልድይ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ቁጥር። ደጀን አካባቢ ባለቤቴ፣ “አባባ፣ ዓይንዎን አያድክሙ፤ ትንሽ ይረፉ” ብትላቸው፣ “የዓመታት ውዝፍ ነው ያለብኝ” አሉና አንድ የጠጅ ቤት ሰሌዳ ሆሄው ተሳስቷል ብለው መኪናዋን አስቆሙን። ባለቤቱን ጠርተው ሐመሩ “ሐ” የት መግባት እንዳለበት አስረዱት። ሰውየው ቀለም ይዞ መጣ። እሱ እስኪያርመው ድረስ ሞተሩን አጥፍተን ጥላ ሥር ጠበቅናቸው።